ከአልቤርጎ እስከ ሰባት ወይራ

ቁልፉ ከአንዲት የወይራ ቁራጭ ጋር በሽቦ ታስሯል። ቁራጯ ከስንዝር ትበልጣለች፤ ኪስ አትገባም፤ እንግዳ ረስቶ ይዟት እንዳይሄድ ነው። ባለቤቷ እጄ ላይ ሲያኖሩልኝ «ሦስተኛው በር ነው፤ ትንሽ ከፍ አድርገህ ግፋው» አሉኝ። ከፍ አድርጌ ገፋሁት፤ ተከፈተ።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ መሽቶብኝ ነው። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ አየሁና ገባሁ። ሌላ ስም የለውም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሽቦ አልጋ፣ አንድ ኮሞዲኖ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ከነጣሳው አለ። የቀረው ሁሉ ግድግዳ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ግን ዛሬ የሚሠራ የለም። የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ ክንዴን ብዘረጋ ከውጭው ጠርዝ አይደርስም። ጣሪያው ከፍ ብሎ ርቋል፤ መስኮቱ ባለ ሁለት ሳንቃ መዝጊያ ነው። ኖራው በተላጠበት ቦታ ከሥሩ የደበዘዘ ቀይ ቀለም ብቅ ይላል፤ ከእሱም ሥር ሌላ ቀለም አለ። በእጄ እየዳበስኩ ቆምኩ።

እናቴ «አልቤርጎ» የሚለውን ቃል የምትጠራው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ዝቅታ ያውቀዋል። አልቤርጎ ሾፌር የሚያድርበት፣ ባልና ሚስት ያልሆኑ ሰዎች የሚገቡበት፣ የጨዋ ልጅ ደጁን የማይረግጠው ቤት ነበር። እኔም እስከዚያች ሌሊት ድረስ አስቤው አላውቅም፤ ቃሉን ከነዝቅታው ወርሼው ኖሬአለሁ። በጣሊያንኛ አልቤርጎ ማለት ማንኛውም የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ትልቁም ሆቴል፣ ትንሹም። ወደ እኛ ሲመጣ ነው ከደረጃው የወረደው። ፒያሳ፣ ማኪያቶና ፋብሪካ ከነክብራቸው ሲቀሩ አልቤርጎ ብቻውን ስሙ ጠፋ።

እራት ፓስታ በእንጀራ ነበር። ወጡ በርበሬ በዝቶበት ቀልቷል፤ ፓስታው የሚጠቀለለው በሹካ ሳይሆን በእንጀራው ነው። ይህንን ምግብ አንድም የሮም ምግብ ቤት አያውቀውም፤ ከጣርማ በር እስከ ቆቦ ግን መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቷ እማማ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ቤቱን ማን እንደሠራው ጠየቅኋቸው።

«ጣሊያን ሠራው» አሉ፤ እንዝርቷን ሳያቆሙ። «እኔ አቆየሁት።»

ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ይህች መልስ አብራኝ ሄደች።

ይህን መንገድ ጣሊያን ያወጣው ለእኛ ብሎ አይደለም። በ1928 አዲስ አበባን ሲይዝ በእጁ የገባው አገር ጦሩ የማያልፍበት ገደልና ሸለቆ ነበር፤ ካሚዮን የማይወጣውን ተራራ የያዘ አርበኛ አገሩን እንደያዘ ይቆጠራል። ስለዚህ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ በጥድፊያ ሠራ። ጣርማ በር ላይ ተራራውን 587 ሜትር በስቶ አሳለፈው። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው በዚያ ጨለማ ውስጥ ያልፋል። ከመንገዱ ጋር የመንገድ ጠባቂው ቤት፣ የነዳጅ ማደያው፣ ምሽጉና አልቤርጎው መጡ። በሌሊት መንዳት ሞት ስለነበር ጨለማ ሳይደርስ የሚገባበት የድንጋይ ቤት ማግኘት ለወራሪው የነፍስ ጉዳይ ነበር። የግድግዳው ውፍረት ብርዱን ብቻ ለመከላከል እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በውጫሌ አልፌ ነበር። ከአምባሰል ግርጌ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ብርቱካንና ሙዝ የሚሸጡ ልጆች መኪናውን ይከብቡታል። በሚያዝያ 1881 የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘው ከዚች ቦታ ነው። የ17ኛው አንቀጽ ጣጣ የመጣው ከአንድ ግስ ነበር፤ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር ይችላሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። አንድ ቃል ሁለት አገር አዋጋ፤ ዐድዋን አመጣ። ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ቃል፣ አልቤርጎ፣ በዚያው ከተማ አጠገብ በድንጋይ ተሠርቶ መጣ፤ እሱንስ ማንም አልተዋጋውም። ወራሪው ሲወጣ ቃሉ ቀረ፤ እኛም እንደፈለግን ተረጎምነው።

ቃሉ ከጣሊያንም በፊት ታሪክ አለው። ጣሊያኖች ከጥንት የጀርመን ነገዶች የወሰዱት ሲሆን በመነሻው ትርጉሙ የጦር ሠራዊት ማደሪያ ነው። ይህን ሳውቅ የእኛው «ሰፈር» ትዝ አለኝ። ዛሬ ጎረቤት፣ እድርና የልጅነት ጨዋታ የምናስብበት ቃል ድሮ የዘመቻ ጦር ድንኳን የተተከለበት ቦታ ነበር፤ አዲስ አበባም በየመኳንንቱ ሰፈር ሆና ነው የተቆረቆረችው። በእነሱም በእኛም ዘንድ የወታደር ማደሪያ ቀስ በቀስ የሰው ማደሪያ ሆነ። ይህ የሆነው ግን በራሱ አይደለም። የሆነ ሰው ቤቱን ከወታደር ተቀብሎ ለሰው አደረገው።

እማማ እንዝርቱን አስቀመጡና ቡና አቀራረቡ። የተወለዱት ላስታ ነው፤ ደጋ። ወደ መንገድ ዳር የወረዱት በልጅነታቸው በእግራቸው ነው፤ አክስታቸው ዘንድ። አክስታቸው በዚሁ ቤት ጠላ ይጠምቁ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ አንድ ነጋዴ ይዞት፣ እሱ ሲሞት ሚስቱ፣ ከዚያ አክስታቸው፣ ከዚያም እሳቸው። «ወንዶቹ ስሙን ይይዙታል እንጂ ያስተዳደርነው እኛ ነን» አሉኝ። አንሶላ ያጠቡት፣ የሰከረ ሾፌር ያስተኙት፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን መንገደኛ ያዋለዱት፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ የተሰረቀበትን ነጋዴ በነፃ ያሳደሩት ሴቶች ናቸው።

በ1965 እና በ1966 የወሎ ሕዝብ ሲራብ ከደጋውም ከቆላውም የወረደው ወደዚህ መንገድ ነበር። ምክንያቱም ሰው የሚያልፈው በመንገዱ ነው፤ አይቶ የሚናገር ካለ የሚመጣው በመንገዱ ነው። እማማ ስለዚያ ዓመት ብዙ አልተናገሩም። «ውስጡም ሞልቶ፣ ደጁም ሞልቶ ነበር። ውስጥ ያለው ይከፍላል፤ ደጅ ያለው ይሞታል» ብለው ዝም አሉ። ሲኒዎቹን ደረደሩ፤ ቡናውን ቀዱ። እኔም ዝም አልኩ። አልቤርጎው ማታ ማታ ድስት ጥዶ ሽሮ ያድል እንደነበር፣ እሳቸውም ከደጅ ልጅ ወስደው እንዳሳደጉ የሰማሁት በማግስቱ ከጎረቤት ነው፤ እሳቸው አልነገሩኝም።

ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ከስምንቱ ክፍል ስድስቱ ወደ ቀበሌ ተዛወሩ። ይህ በየከተማው የሆነ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ማደሪያዎች የተበተኑት ያኔ ነው። ግማሹ መጋዘን፣ ግማሹ የስብሰባ አዳራሽ፣ ግማሹም የማንም ስላልሆነ ማንም የማይጠግነው ቤት ሆነ። ከ1928 እስከ 1933 የነበረው ጠላት በድንጋይ የሠራውን፣ ከ1967 በኋላ ያለው ቸልታ በዝናብ አፈረሰው። እማማ ሁለቱን ክፍል ይዘው ቆዩ፤ ኋላም ሁለት ክፍል በኪራይ ጨመሩ። ዛሬ አራት አልጋ አላቸው።

እኔ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፤ ከራሴ አስተሳሰብ የመጣ። ላስታ እንግዳ የሚከበርበት አገር ነው እየተባልኩ አድጌአለሁ። ቤት ለእንግዳ በሚባልበት አገር ማደሪያ በገንዘብ መሸጥ አያሳፍርም ነበር ወይ?

ይህ ጥያቄ የእኔ ብቻ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲያሠሩ፣ ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር ስለነበር የሚገባ ሰው ጠፍቶ ነበር ይባላል። ዐጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው በልተው ከፍለው፣ መክፈል ነውር እንዳልሆነ ለሕዝቡ በተግባር አሳዩ እየተባለ ይተረካል። ያም ሆቴል ጣሊያን ከመምጣቱ 30 ዓመት ያህል ቀድሞ በእኛው ሴት የተከፈተ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ማደሪያ ያስተማረን ጣሊያን አይደለም።

እማማ ጥያቄዬን አስበው መለሱ። «ልጄ፣ በነፃ ያሳደርከው እንግዳ ጌታህ ይሆናል፤ የከፈለ እንግዳ ግን እንግዳ ብቻ ነው። አባቴ ቤት እንግዳ ሲመጣ እኛ ልጆች መሬት ላይ እንተኛ ነበር፤ በጉም የሚታረደው ሳንጠየቅ ነው። እዚህ ግን ማንም አያዘኝም። ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ካለ እኔ ነኝ የምምረው፤ በፈቃዴ።» ከዚያ ሣቅ ብለው «አብሽር፣ አንተ ትከፍላለህ» አሉኝ።

በማግስቱ ከወልድያ ወደ ምዕራብ ተሳብን። ከድልብ በላይ መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ራያና የጁ ቆላ ከኋላ እንደ ጭስ ሆነው ይቀራሉ፤ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ይህን መንገድ ሕዝቡ የቻይና መንገድ ይለዋል፤ ከወረታ እስከ ወልድያ ድረስ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት ነው። በታች የጣሊያን፣ በላይ የቻይና። በሁለቱም መንገድ ዳር ግን የሚሸጠው ጠላና ቆሎ ነው፤ ሻጮቹም ሴቶች ናቸው።

ከላይ ሜዳው የዋድላ ነው። ገብሱ ለዕይታ እስኪታክት ተዘርግቷል፤ ድንጋዩ ጥቁር፣ ሰማዩ ቅርብ። ዋድላ የቅኔ አገር ነው፤ በመቶ ዓመታት ውስጥ ስንት የቆሎ ተማሪ በዚህ ሜዳ ላይ አልፎ እንደሆነ አስባለሁ። ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ነው የተማረው። ለእሱ አልቤርጎ አልነበረውም። የዚህ አገር ሊቃውንት ሁሉ በመንገድ ዳር ቁራሽ ያደጉ ናቸው። ቁራሿን ከየደጁ ያወጣችለት እናት ግን በየትኛውም የሊቃውንት ታሪክ ላይ አልተጻፈችም።

መንገደኛም እንዲሁ ነበር። ሲመሽበት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ደጆች!» ይመልሱለታል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ይሉታል። ስሙን አይጠይቁትም፤ እግሩን ያጥቡታል። ይህን ልማድ ስሰማ ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል። በአውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡ የዋድላ ገበሬ ግን አበረዱልኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘዋል። አያታቸው ሲያወጓቸው፣ ከእንግዳ ሁሉ የሚከፋው «ተሰሪ» ነበር አሉኝ። ተሰሪ ማለት በገበሬ ቤት የተመራ ወታደር ነው፤ ቀለቡን ከገበሬው ጎተራ ይበላል፣ ዶሮ ሲጠፋ በግ ይላል፣ በግ ሲጠፋ ይመታል። «እሱም ቤት ለእንግዳ ነው የሚባለው» አሉኝ፤ «ምን ይባላል ታዲያ?»

ዐጤ ምኒልክ ወታደር በገበሬ ቤት መሠራቱን በአሥራት እህል ሊተኩት ያወጁት በዚህ ምሬት ነው። ነገሩ ግን ከእሳቸውም በፊት የነበረ ነው። በልብነ ድንግል ዘመን ላሊበላን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መንገደኞቹን ይመሩ የነበሩት ሹማምንት የየመንደሩን ሰው እያስገደዱ ጭነት ያሸክሙ፣ ቀለብ ያስቀርቡ፣ ያጓደለውንም ያስገርፉ እንደነበር ጽፏል። አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲገልጽ የሚያምነው እንደማይኖር ሠግቶ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። እኔ ግን ያንን ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው ለዚያ ጉዞ በጉን ያጣውን ገበሬ ነው። ስለ እሱ ማንም አልማለለትም።

እማማ ከአንድ ሌሊት በፊት ያሉኝን ያኔ በደንብ ሰማሁት። ሂሳብ የተጻፈበት ደብተር፣ ቁጥር ያለው በር፣ ከወይራ ጋር የታሰረ ቁልፍ እንግዳን ከጌትነት አውርደው እንግዳ ብቻ አደረጉት። ከእናቴ በወረስኩት የአልቤርጎ ዝቅታ ውስጥ ስድብ ብቻ ነው የታየኝ፤ ነፃነትም ነበረበት። ባሏ የሞተባት፣ መሬት የማይደርሳት፣ ከደጋ በእግሯ የወረደች ሴት የራሷ ደጅ የነበራት እዚያ ነው።

ላሊበላ ከጋሸና ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከዋድላ ሜዳ ዘሎ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ከወንዙ ማዶ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ሆኖ ደመና ተከናንቧል። በስተግርጌው ያለችው ከተማ ድሮ ሮሐ ነበረች፤ ንጉሡ ስሙን ሰጣት። ሲወለድ ንቦች ከብበውት እናቱ ላሊበላ አለችው ይባላል፤ ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ብላ። የላስታ ማር ሲቀርብልኝ ሁሌም ይህ ታሪክ አብሮ ይቀርባል፤ ማሩም ታሪኩም አይሰለቸኝም።

የላስታን ባለ ፎቅ ክብ ቤት ያላየ ሰው የላሊበላን ሆቴሎች አይረዳቸውም። ቀይ ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ ክብ ሆኖ ይነሳል፤ ምድር ቤቱ ለከብቱ፣ ላዩ ለሰው፤ ደረጃው በውጭ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ሣር ክዳኑ እስከ ታች ይወርዳል። በዚህ ቤት ውስጥ እንግዳ ከላይ ነው የሚተኛው፤ ከሥሩ የላሟ ትንፋሽ ያሞቀዋል።

ጣሊያን እስከዚህ ድረስ አልቤርጎ ይዞ አልመጣም። ላሊበላ ከጣሊያን ጋር ያላት ትዝታ ሌላ ነው። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ዐጤ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዳቸውን ቀይረው በሚያዝያ 1928 ወደዚህ ወጥተው ከአለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ጾመው ጸለዩ። ሠራዊቱ ተበትኖ፣ ጠላት እየተከተለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንግድነት ወደ አንድ የ700 ዓመት ንጉሥ ቤት ገቡ። ከዚያ ወጥተው ስደት ሄዱ። ቀጥሎም ላስታና ዋግ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት ጠላት ላይ ተነሡ፤ ደጃዝማቹም ሕይወታቸውን ከፈሉ።

የከተማዋን ቀደምት ሆቴል የሠሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዕልት ሂሩት ደስታ ናቸው። ስሙ ሰባት ወይራ ነው፤ በግቢው ከቆሙት ወይራዎች የተወሰደ። በዐጤ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ሲሆን መመገቢያ ክፍሉ ክብ ነው፤ የላስታን ቤት አስቦ የተሠራ መሆኑ ገና ሲገቡ ያስታውቃል። ግቢው ዛፍ ነው፤ ዛፉ ደግሞ ወፍ ነው። ሻዬን ይዤ ከወይራዎቹ ሥር ስቀመጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ከገበታዬ ፍርፋሪ አነሳች፤ ማንም አላባረራትም።

የልዕልት ሂሩትን ሕይወት ለሚያውቅ ሰው ይህ ሆቴል ተራ ሆቴል አይደለም። አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ጦር ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 በጣሊያን እጅ ተገደሉ። ልጅቱ ያኔ በስደት እንግሊዝ ነበረች፤ የሰው አገር እንግዳ ሆና። በአባቷ ገዳዮች ዘመን አገሩ በአልቤርጎ ተሞላ። አድጋ ስትመለስ እሷም ማደሪያ ሠራች። ከእነሱ መንገድ ርቃ፣ አያቷ በሸሹበት ተራራ ላይ፣ በአገሩ ድንጋይና በአገሩ ቅርጽ፣ በአገሩ ዛፍ ስም። ይህንን ሆን ብላ አስባው ይሁን ወይም እጇ ብቻ ያወቀው አላውቅም፤ ለእኔ ግን ይህ ለአልቤርጎ የተሰጠ መልስ ነው፤ ቁጣ የሌለበት፣ በድንጋይ የተጻፈ መልስ።

በዚያው ዘመን ደግሞ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የዛሬው ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ልኮት አብያተ ክርስቲያናቱን ሊጠግን ወደ ላሊበላ መጣ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በጦር የመጣ አገር ልጅ አሁን መዶሻና መለኪያ ይዞ በአደራ መጣ፤ ማደሪያ ሰጡት። እንግዳ ሁለት ዓይነት መሆኑን የላስታ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ይህ ሲሆን ልዕልቲቱ ወኅኒ ቤት ነበሩ። በ1967 መስከረም ከታሰሩ 14 ዓመት ያህል ከእናታቸውና ከእህቶቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ቆይተው በ1980 ተፈቱ። ሌላው ሰው በሠሩት ሆቴል ሲያድር፣ እሳቸው ራሳቸው የማይከፈት በር ውስጥ ኖሩ።

ማታ ከተማዋ ጸጥ ትላለች። አሁን ጸጥታው ሌላ ነው። መጀመሪያ ኮቪድ መጣ፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፤ ከተማዋም በ2013 ክረምት በጦር እጅ ወደቀች፤ ከዚያ በኋላም ሰላሙ አልጸናም። በኮረብታው ጫፍ ላይ የተደረደሩት ሆቴሎች መስኮታቸው ጨለማ ነው። አስጎብኚዎቹ ማሽላ እየሸጡ፣ ምግብ አብሳዮቹ ወደ ገጠር ዘመድ እየሄዱ መሆኑን ነገሩኝ። አንድ የሆቴል ዘበኛ አጥሩን እየዞረ በየሌሊቱ የአንዱን ክፍል መብራት እንደሚያበራ አጫወተኝ፤ «ሰው ያለበት እንዲመስል» ብሎ።

ግን ለገና ሰው ይመጣል። በእግሩ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ፤ ነጭ ነጠላው በአቧራ ቀልቶ። አልጋ አይጠይቅም። የከተማው ልጆችና ካህናት ውሃ አሙቀው ደጅ ላይ ይቆማሉ፤ የማያውቁትን ሰው እግር ጎንበስ ብለው ያጥባሉ። ሂሳብ የለም። አንዱ ሽማግሌ እግራቸው ሲታጠብ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ታጣቢውም አጣቢውም አልተነጋገሩም። ይህ የመንገደኛ ማደሪያ የመጀመሪያው መልክ ነው፤ ቤት እንኳ የለውም።

እነዚህን ሁሉ ከአንድ ክር ላይ ያሰርኩት ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራው ውጤት የሆነ ግዙፍነት ያለውም ሆነ የሌለው ነገር ይለዋል። ሥራ ይላል። ከጣርማ በር እስከ አላማጣ ያሉት አሮጌ አልቤርጎዎች የጣሊያን ሥራ ብቻ ስለመሰሉን ዝም አልናቸው፤ ለቅኝ ገዢ ሐውልት አንሠራም ብለን። ትክክል ነው፤ ለእሱ አንሠራም። ግን ወራሪው የቆየው አምስት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ከሰማንያ ዓመት በላይ የነዚያ ሴቶች ሥራ ነው። ግድግዳው ሲፈርስ የሚጠፋው የእነሱ ሕይወት ነው።

ስለዚህ ለደሴ፣ ለወልድያ፣ ለቆቦና ለመንገዱ ከተሞች የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ያለኝ ልመና ቀላል ነው። የቆሙትን ቤቶች ቁጠሩ፤ ፎቶ አንሱ፤ መልካቸውን ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን ያስተዳደሯቸውን ሴቶች ስም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ሰማንያን እያለፉ ነው። እርስዎም አንባቢዬ በዚያ መንገድ ካለፉ እንደ እናቴ ድምፅዎን ዝቅ አያድርጉ፤ ገብተው ይደሩ፤ ከፍለው ይውጡ።

ስመለስ እዚያው አደርኩ፤ ሦስተኛው በር፣ ከፍ አድርጌ ገፋሁት። ጠዋት ቁልፉን ከነወይራው ስመልስ ስማቸውን በመጽሔት ልጻፈው ብዬ ጠየቅኋቸው። ነገሩኝና «መጽሔቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ይጻፍ» አሉኝ። ቃላቸውን ጠብቄ እዚህ አልጻፍኩትም። ግድግዳው ላይ ዛሬም ያለው «አልጋ አለ» የሚለው ብቻ ነው።